ግልባጭ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ

በዕድሜዬ አንበጣ አይቻለሁ፣ ተምች አይቻለሁ፣ ለአጨዳ በደረሰ ገብስ ላይ የወረደ በረዶ አይቻለሁ። እንደ ደባርቅ የኳስ ደጋፊ ያለ መዓት ግን አላየሁም። አንበጣ ቢያንስ የሰው ማሳ በልቶ ሲጨርስ ተነሥቶ ይሄዳል። የኳስ ደጋፊ የሚያጠፋውን አጥፍቶ እዚያው ሻይ ቤት ቁጭ ይላል፤ ሁለተኛ ብርጭቆም ያዛል።

ይህን የምለው እንደ ዳኛ ከላይ ተቀምጬ አይደለም። የዚያ መንጋ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። በደባርቅ ዋናው መንገድ ዳር፣ ሊማሊሞን የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ቆመው ፍሬናቸውን የሚያዩበት ቦታ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ከመግዘፉ የተነሣ በሩ ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል፤ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው እግሩ ከመሬት ይነሣል። ራዲዮን ስለነበረው ሊቀ መንበራችን አደረግነው። ሌላ ችሎታ አልነበረውም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃያ የምንሆን ወንዶች ጋቢያችንን ተከናንበን እዚያ እንታጎራለን። እሱም የባትሪ ድንጋዮቹን ከጠዋት ጀምሮ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አስጥቶ ይጠብቀናል።

ከሃያችን ስታዲየም በዓይኑ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ምን እንደሚመስል ስንከራከር አንዱ ተነሣና፣ «ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ሕዝቡ ቅኔ ማኅሌት ይቆማል፣ ተጫዋቹ ቅድስት ይገባል» ብሎ አስረዳን። «መቅደሱስ?» ብንለው «ግቡ ነዋ!» አለ። አመንነው። የምናምነው ነገር ሁሉ በዚህ ዓይነት ነበር የሚገኘው።

የምንደግፈው በዋና ከተማው ያለ የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነው። ምክንያቱም በረኛው የደባርቅ ልጅ ነበረ።

ለዚህ ያበቃነው እኛ ነን እያልን እንፎክር ነበር። ውሸት ነው። ያበቃው ገደሉ ነው። የደባርቅ ሜዳ ስሙ ሜዳ ይባል እንጂ ቁልቁለት ነው፤ ከታችኛው ግብ ጀርባ ደግሞ ምድር ታልቃለች። በዚያ በኩል ያመለጠች ኳስ እሑድ ተነሥታ ረቡዕ አዲ አርቃይ ትገባለች። አንዷንማ ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት ጠይቀዋት የለኝም ስላለች አስረዋታል ይባላል። ስለዚህ አንዲት ሕግ ነበረችን፦ ያሳለፈ ይወርዳል። ኳስ ያሳለፈ በረኛ ራሱ ገደሉን ወርዶ ያመጣታል፤ አማላጅ የለም፣ ምትክ የለም። ልጁ ገና ጎረምሳ ሳለ ሁለት ጊዜ ወረደ። ሦስተኛ ላለመውረድ ማለ። ከዚያ ወዲያ እንኳን ኳስ ዝንብ አታልፈውም።

አባቱ ቄስ ናቸው። ልጁን ለድቁና አስበውት ነበር፤ ኳስን «ነፋስ የሞላው ቆዳ» ነው የሚሏት። ልጁ መጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎ ዋና ከተማ ሄዶ ፋብሪካ ሲቀጠር አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን አላነሡም። በኋላ ግን በየዓመቱ ለደብሩ በዓል ጧፍ ሲልክ ጊዜ ልባቸው ራራ። «ይህ የልጄ ጧፍ ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እኛ ልብ ሳንለው ቀርተን ነውና። በዚያ ዘመን ኳስ ተጫዋችነት የሚባል ሥራ በወረቀት ላይ አልነበረም። ልጁ ላብ አደር ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሽመና ክፍል መኪናው ሥር ይቆማል፣ እሑድ ግቡ ሥር ይቆማል። የሚተኛውም ፋብሪካው በሰጠው ክፍል ነው። ፋብሪካው ውጣ ካለው ሥራውም፣ ኳሱም፣ አልጋውም በአንድ ቀን ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ እያወቅን፣ ልጁ የሚኖረው ራዲዮናችን ውስጥ ይመስለን ነበር።

አንድ እሑድ የራዲዮኑ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ የፋብሪካው ቡድን ተጫዋቾች በሆድ ሕመም ምክንያት ሜዳ ባለመገኘታቸው ጨዋታው አይካሄድም አለ።

«ሁሉም?» አለ ባለሻይ ቤቱ፣ ራዲዮኑን ፊት ለፊት እያየ።

ራዲዮኑ አልመለሰለትም።

«ተመርዘው ነው» አለ አንዱ።

«ጠበል እንላክላቸው» አለ ሌላው።

አትሳቁ። ጠበሉን በጀሪካን የሚያስቀዳ ኮሚቴ አቋቁመን ነው የተለያየነው።

ኮሚቴው ጀሪካን ሳያገኝ ሾፌሩ መጣ። ይህ ሾፌር የዚያን ፋብሪካ ጨርቅ ጭኖ ወደ ሰሜን የሚመላለስ ሰው ነው፤ ሊማሊሞን ከመውረዱ በፊት እኛ ዘንድ ሻይ ሳይጠጣ አያልፍም። ግራ ቀኙን አየና በዝግታ ነገረን። ከተጫዋቾቹ አንዱ ሜዳ ላይ እግሩ ተሰብሮ ነበር። በምርኩዝ ከሆስፒታል ሲወጣ ፋብሪካው፣ «መኪና ሥር መቆም አትችል፣ መሮጥ አትችል፣ ምን ትሠራልናለህ?» ብሎ አሰናበተው። በማግሥቱ ተጫዋቾቹ ሆዳቸውን ታመሙ። የተሰበረው ጓደኛቸው በር ጥበቃም ቢሆን ሥራ እስኪሰጠው ድረስ ሕመሙ የሚሻላቸው አይመስልም።

«ታዲያ አድማ ነው በለና!» አለ ባለሻይ ቤቱ። ድምፁ ዳባት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ አድማ የምትል ቃል ከአፌ ወጥታለች? የሆድ ሕመም ነው። ሐኪም ይመጣል፣ ሆዴን ይላሉ። ካድሬ ይመጣል፣ ሆዴን ይላሉ። ማን ጀመረው ሲሏቸው ‹ሆድ ነዋ የጀመረው› ይላሉ። መሪ የላቸውም። አንዱን ነጥሎ መያዝ ያልተቻለውም ለዚህ ነው። ገባችሁ?»

«ገባን» አልን።

አልገባንም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የአንደኛው ወገን አለቃ ባለሻይ ቤቱ ራሱ ሲሆን የሌላኛው ፀጉር ቆራጩ ነበር። ፀጉር ቆራጩ የሚሠራው እዚያው በረንዳ ላይ ነው። መቁረጫው ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚነቅል፣ እሱ ዘንድ የተስተካከለ ሰው ሁለት ቀን ያህል ቅንድቡ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ይከርማል። በቀበሌ ስብሰባ ሁሌም የመጀመሪያውን አስተያየት የሚሰጥ ሰው ስለነበረ አነጋገሩ ሁሉ ስብሰባ ስብሰባ ይሸታል።

«ጓዶች፣ ይሄ አሻጥር ነው» አለ መቁረጫውን አንሥቶ። «ላብ አደር በገዛ ፋብሪካው ላይ ይታመማል? በገዛ ላምህ ላይ ታኮርፋለህ?»

«ከረገጠችኝስ?» አለ ባለሻይ ቤቱ።

«ብትረግጥህ ትታሻለህ፤ ማለብህን ግን አትተውም።»

«አንተማ መላጨትህን መች ተውክ! የምንታሸው እኛ ነን እንጂ።»

እንዲህ ስንባባል ሦስት እሑድ አለፈ። እግሩ የተሰበረው ሰው አሁን የት ያድራል፣ ማን ያበላዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ብሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ አልዘልፍም ነበር። አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የእኛ ኀዘን እሑዳችን መበላሸቱ ነው። ባለሻይ ቤቱ የባትሪ ድንጋዮቹን እንደ ሞተ ዘመድ እያገላበጠ ይተክዛል። አንዱ እንዲያውም ተነሥቶ፣ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንደ ልባቸው ይታመሙ፤ እሑድ ለእኛ ሲሉ ቢሻላቸው ምናለበት?» አለ። ተጨበጨበለት።

ይህ ሁሉ ጉዳት የሌለው ጅልነት ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከዳባት ነው።

ባለሻይ ቤቱና ፀጉር ቆራጩ ለበዓል በግ ሊገዙ አብረው ዳባት ገበያ ወረዱ። ዳባቶች በዚያን ጊዜ የሌላ ቡድን ደጋፊዎች ነበሩ፤ ስለ ኳስ የሚያውቁት ከእኛ እኩል ነው፣ ማለት ምንም። አንድ እህል ነጋዴ ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳለ አያቸውና በገበያው መሐል ጮኸ።

«እናንተ ደባርቆች! ኳስ ይይዛል ያላችሁት ልጅ ሆዱን መያዝ አቃተው አሉ! ኮሶ አትልኩለትም?»

ገበያው በሳቅ ወደቀ። የታሰሩ በቅሎዎች ሳይቀሩ ሳቁ ብለው ሁለቱም በየፊናቸው ምለውልናል። በጉን ሳይገዙ ተመለሱ።

እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ዕወቁት። ረኀብ ይችላል፣ ብርድ ይችላል፣ ስብሰባ ይችላል። በዳባት ገበያ መሳቂያ መሆን ግን አይችልም። በዚያኑ ዕለት ሻይ ቤቱ የልቅሶ ቤት መሰለ። ትናንት አሻጥር ነው ሲል የነበረው ፀጉር ቆራጭ፣ ዛሬ ጋቢውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ መሐል ገባ።

«ሆዱን ታሞ አይደለም! ጀግና ነው! እሱ ነው ያስነሣቸው!»

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማን ይንገረኝ? እዚያ ውስጥ ከእሱ ሌላ የደባርቅ ልጅ አለ? የለም። እንግዲያው ማን ሊያስነሣቸው ነው!»

ማስረጃው ይህ ነበር። ሌላ ማስረጃ የፈለገ ሰውም አልነበረም። እኛ አገር አንድ ነገር ተደረገ ከተባለ አድራጊው መታወቅ አለበት፤ ባለቤት የሌለው ጀግንነት አይፎከርበትማ። ተጫዋቾቹ ስማቸውን ደብቀው መቆማቸው ለእኛ ብልሃት ሆኖ አልታየንም፤ የተጣለ ዕቃ መሰለን፤ ያነሣው ይወስደዋል። ለራዲዮኑ የስፖርት ክፍል ደብዳቤ ተጽፎ፣ ልጃችን የሠራው ጀብዱ ዳባት እስኪሰማው ድረስ ይነበብ ተባለ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ቄሱ ጆሮ ገባ። ሻይ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰው በራችን ላይ ቆሙ። ሁላችንም ተነሥተን መስቀል ተሳለምን። ባለሻይ ቤቱ በድንጋጤ ራዲዮኑን በጋቢው ሸፈነው።

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ስለ ልጄ ወረቀት ልትጽፉ ነው አሉ።»

«ስሙን ልናነሣለት ነው እንጂ አባ» አለ ፀጉር ቆራጩ። «ዳባት ላይ ያሉትን ቢሰሙ...»

«ሰምቻለሁ። ልጄ ሆዱን ታሟል።»

«አባ፣ እኛ እኮ ከሾፌሩ...»

«ታሟል አልኩ! ‹አባቴ፣ ለጠየቀዎ ሁሉ ሆዱን ታሟል ይበሉ› ብሎ ልኮብኛል። ይህን ያህል ዘመን መስቀል ይዤ ዋሽቼ አላውቅም። አሁን በየመንገዱ ልጄ ሆዱን ታሟል እያልኩ እዋሻለሁ፤ ንስሐውን እኔ እገባበታለሁ። እናንተ ዕድሜ ልካችሁን ስትቀጥፉ ኖራችሁ፣ እውነት መናገር ያማራችሁ ዛሬ በልጄ ነው? ጥቂት ቀን ዝም ማለት ያቅታችኋል?»

«አያቅተንም አባ» አልን በአንድ አፍ።

ቄሱ ወጡ። ገና ከድንጋይ አጥሩ ሳይታጠፉ ባለሻይ ቤቱ ጋቢውን ከራዲዮኑ ላይ አነሣና፣ «አያችሁልኝ!» አለ። «የገዛ አባቱ እንኳ ታሟል ይላሉ! ይህ ልጅ ከእኛ በቀር ማን አለው?»

ጻፍነው። ማለቴ ጻፍኩት። ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር፤ በልጅነቴ የቁም ጽሕፈት ስለተማርኩ እጄ ያምራል፤ የእጄን ማማር የሚነግረኝ ሰው ካለ ደግሞ የሞት ፍርዴንም ቢሆን እጽፍለታለሁ። እንዲህ አልኩ፦ «እኛ የደባርቅ ከተማ የኳስ ወዳጆች፣ ልጃችን ሆዱን ታሟል ተብሎ የሚወራው ፍጹም ሐሰት መሆኑን እናረጋግጣለን። እሱ የሰሜን ተራራ ያበቀለው ነብር ነው። ባልደረባው በተባረረ ጊዜ ጓደኞቹን ሁሉ ያስነሣቸው፣ ያስተባበራቸው፣ የመራቸውም እሱ ራሱ ነው።» ‹ያስነሣቸው› የፀጉር ቆራጩ ናት። ‹ያስተባበራቸው› የባለሻይ ቤቱ ናት። ‹የመራቸው› የእኔ ናት። ሁለት ግስ ለጆሮዬ ስላልሞላ ሦስተኛ ጨመርኩበት።

ማኅተም ያስፈልጋል ተባለ። ያለን ማኅተም የእድራችን ብቻ ነበር፤ በመካከሉ ዶማና አካፋ ተጣምረው የተቀረጹበት። እሱን መታንበት። የበረኛ ጀግንነት በቀባሪዎች ማኅተም ጸደቀ።

ከዚያ ብዕሬን ልከድን ስል አንድ ነገር ጎደለኝ። መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ሱሪውን ረስቶ እንደወጣ ሰው ነው። እኛ መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ ለሚስቱ የናፍቆት ደብዳቤ ሲጽፍ ለአማቱ ግልባጭ አድርጓል። ማንም ሳያዘኝ፣ እጄ በለመደችው መንገድ ወደ ወረቀቱ ግርጌ ሄደች። ሰረዝ አሰመርኩ፤ ጻፍኩም፦ «ግልባጭ፦ ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፤ እንዲያውቁት።» ሁለተኛውን ቅጂ ከመጀመሪያው አስበልጬ አሳምሬ ጻፍኩና በፖስታ አሸግሁት። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ሃያውም ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ደብዳቤ ሆነ!» አለ ባለሻይ ቤቱ።

ራዲዮኑ ደብዳቤያችንን አላነበበም። አንድ እሑድ ጠበቅን፣ ሁለተኛ ጠበቅን። በሦስተኛው እሑድ የራዲዮኑ ሰው ድምፅ ደስ ደስ እያለው መጣ፤ የፋብሪካው ቡድን ዛሬ ይጫወታል! ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ባለሻይ ቤቱ ሰውን ሁሉ አቀፈ፤ የታቀፈው ሁሉ ትንፋሹን ፈለገ። ራዲዮኑ የተሰላፊዎቹን ስም ከበረኛው ጀምሮ ጠራ።

የማናውቀው ስም ነበር።

«ተሳስቶ ነው» አለ አንዱ።

«ድንጋዩ ስለበረደው ነው፤ ስም ያሳስታል» አለ ባለሻይ ቤቱ።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ወደ ግብ በተመታች ቁጥር ያ ስም እንደገና ይጠራል። በረኛው ያዘ፣ በረኛው አወጣ፣ በረኛው አዳነ፤ ሁሉም የዚያ የማናውቀው ሰው ሥራ ነው። ቡድናችን ሲያገባ ሁለት ሰዎች ዘለው ጨፈሩ፤ ስማቸውን ብጠራ ደስ ባለኝ። ሌሎቻችን ብርጭቆአችንን እያየን ቆየን። በመጨረሻ ፀጉር ቆራጩ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምናልባት ሆዱን ታሞ ይሆናል» አለ።

ሾፌሩ በዚያው ሳምንት መጣ። ሻይ አላዘዘም፤ አልተቀመጠምም።

«የተሰበረው ሰውዬ በር ጥበቃ ሥራ አገኘ» አለ። «የሁሉም ሆድ ተሻለው። ማንም ሳይነካ ነገሩ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ሳለ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ ወደቀ። የእድር ማኅተም ያለበት።»

ባለሻይ ቤቱ ራዲዮኑን አጠፋ።

«ያን ሁሉ ሰው ማባረር አልቻሉም፤ ጨርቁን ማን ይሠራል? አንድ ሰው ግን ማባረር ይቻላል። ችግራቸው የትኛው እንደሆነ አለማወቃቸው ነበር። እናንተ ጽፋችሁ ላካችሁላቸው።»

«እኛ የጻፍነው ለራዲዮ ነው!» አለ ባለሻይ ቤቱ።

«ግልባጭ የሚል አለበት አሉ።»

ሃያ ራስ ወደ እኔ ዞረ። እነዚያው የነቀነቁት ሃያ ራሶች።

ሾፌሩ፣ ልጁን ሁለት ሳምንት ለጥያቄ ይዘውት እንደቆዩ፣ ከሥራውም ከመኝታውም እንደተሰናበተ፣ በሚመጣው ጉዞ እሱው ጭኖት እንደሚመጣ ነገረንና ሄደ።

አሁን አንድ ሰው፣ እነዚያ ሰዎች በኀፍረት ቤታቸውን ዘጉ ብሎ ያስብ ይሆናል። የኳስ ደጋፊን አያውቅም። የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። በአቡጀዲ ላይ «እንኳን ደህና መጣህ ጀግናችን» ተብሎ ይጻፍ ተባለ። ጸሐፊው ማን ነው? እኔ። ጻፍኩት፤ አሳምሬ።

መኪናው ሻይ ቤቱ ፊት ቆመና ልጁ አንዲት የካርቶን ሻንጣ ይዞ ወረደ። ከስቷል። እጆቹ ግን ያው ናቸው፤ የአካፋ ያህል። ቄሱ ከመንገዱ ማዶ ለብቻቸው ቆመዋል፤ አልተሻገሩም። ፀጉር ቆራጩ «ዘራፍ!» ብሎ ወደ መሐል ዘለለ። ልጁ ሻንጣውን እንደያዘ ፉከራውን ቆሞ ሰማ። ፀጉር ቆራጩ እስትንፋስ ሊወስድ ቆም ሲል፣

«ጨረሱ ጋሼ?» አለው።

«ጥቂት ትቀረኛለች።»

«እሺ ይጨርሱ።»

እንዲህ ተብሎ ማን ይፎክራል? የቀረችውን እንደ ጸሎት በለሆሳስ ጨረሳት።

ልጁ አቡጀዲውን ቀና ብሎ አየ። «ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ሐቀኛ ሆኜ አይደለም፤ ሃያ ጣት ተቀስሮብኝ ነው።

«እጅህ ያምራል» አለኝ። «ወረቀቱን ፊቴ ላይ ሲዘረጉት ገና ሳላነበው በደባርቅ ሰው እጅ መጻፉን አወቅሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። መራቸው ብለሃል። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ሁሉም ታመው እኔ አራት ቀን ጤነኛ ነበርኩ። አልጋዬን እንዳላጣ ፈርቼ። በአምስተኛው ቀን እግሩ የተሰበረው ልጅ ራሱ በምርኩዙ መጣና፣ ‹ግድ የለም፣ አንተ አትታመም› አለኝ። አፈርኩ። አፍሬ ታመምኩ።»

እኔ ደግሞ አርፌ ዝም አልልም። «ግልባጩ እኮ ለደንቡ ያህል ነው» አልኩት።

ቄሱ ያኔ መንገዱን ተሻገሩ። ከልጃቸው እጅ ሻንጣውን ተቀበሉ። በእኛ ላይ እርግማን ያወርዳሉ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ልጄ ተሽሎታል።»

ይዘውት ሄዱ። በማግሥቱ እሑድ ባለሻይ ቤቱ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ መጣ፤ እነዚያ ሃያዎቹም አዲሱ በረኛ በቀኝ በኩል ደካማ ነው፣ አይደለም እያሉ ከቀትር ጀምሮ ተጨቃጨቁ። ስለ አሮጌው ያነሣ የለም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ የቀኝ ወገኑ ደካማ ነው ባይ ነበርኩ።

ልጁ የአባቱን መሬት ማረስ ጀመረ፤ በመኸር ጊዜ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ እየወረደ ለነጋዴዎች ጆንያ ይጭናል። ከመኪና ላይ ሲወረወርለት ጆንያውን እንደ ኳስ ደረቱ ላይ ያቅፈዋል ብለው ያዩት ነገሩኝ። እኔ ሄጄ አላየሁም። ሜዳ ላይ አልተጫወተም። ለምነነዋል፤ ደጋፊ ለምኖ አያፍርም። እምቢ ይላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ጋቢውን ተከናንቦ በታችኛው ግብ አጠገብ ባለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየናል።

የታችኛውን ግብ የሚጠብቅ ጠፋና ያለ ፈቃዴ እኔን አቆሙኝ። እንደኔ ያለው በረኛ ግቡን ለማስጌጥ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም። አንድ ቀን ባለሻይ ቤቱ፣ ያ ተራራ፣ ከላይ በኩል ኳሷን ለጋት። ጠልዟት አያውቅም ነበር፤ በዚያን ቀን እግሩ ከኳሷ ጋር በስሕተት ተገናኘ። መጣች። ዘልዬ ነበር፤ የዘለልኩት ግን ወደ ሌላው ጎን ነው። በብብቴ ሥር አልፋ እየነጠረች በቀጥታ ወደ ልጁ ድንጋይ ሄደች።

ሁላችንም ቆምን። እግሩን ቢዘረጋ ትቆማለች። እጁን ከጋቢው ሥር ቢያወጣ ትያዛለች፤ እነዚያ እጆች ከዚህ የባሰች መቶ ኳስ ይዘዋል። ልጁ ኳሷን አያት። ከዚያ ለእንግዳ መንገድ እንደሚለቅ ሰው እግሩን ሰብሰብ አደረገላት። አለፈች። አንድ ጊዜ ድንጋይ ስትመታ ሰማን፣ ሁለተኛ ሰማን፣ ከዚያ አልሰማንም።

ዞር ብሎ አየኝ።

«ያሳለፈ ይወርዳል» አለ።

አማላጅ ልፈልግ አልሞከርኩም። ጋቢዬን አውልቄ ግቡ ላይ ሰቀልኩና እየተንሸራተትኩ መውረድ ጀመርኩ። የገደሉ ወገብ ላይ ስደርስ ከላይ ድምፁን ሰማሁት፤ ከመጣ ጀምሮ ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«አዲ አርቃይ ከደረስክ ግልባጭ ላክልን!»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ከመሐሉ የእሱን ሳቅ ለይቼ ሰማሁት። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ቁጥቋጦውን እየያዝኩ መውረዴን ቀጠልኩ።